ጡንቻን የሚሠራው የትኛው ጂን ነው? የፍራፍሬ ዝንብ የሰጠችው መልስ

በበሰለ ሙዝና በጠጅ ብርሌ አፍ ዙሪያ የምታንዣብበው፣ ርዝመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዝንብ ገና እጭ ሳለች በአብዛኞቹ የሆዷ ክፍሎች በግራም በቀኝም 30 ጡንቻዎች አሏት። ቁጥሩ ግምት አይደለም። አንዱ ጡንቻ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሌላው በሰያፍ ይዘረጋል፤ ሌላው አጭርና ወፍራም ሆኖ ከጎን ይተኛል። እያንዳንዱ ከቆዳው ጋር የሚጣበቅበት ነጥብም ሆነ የሚያዝዘው ነርቭ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ያለው የሆድ ክፍል ሲታይ ያው አቀማመጥ ይደገማል፤ ሌላ እጭ ቢከፈትም እንዲሁ። አጥኚዎች ለሠላሳዎቹም መለያ ስም ሰጥተዋቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚጠናቀቀው እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይነሣል። የጡንቻው ሴል፣ የነርቩ ሴልና የአንጀቱ ሴል የያዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። ወደ 14 ሺህ የሚጠጉት የዝንቧ ጂኖች በሁሉም ውስጥ አሉ። ታዲያ አንዱ ሴል ጡንቻ እንደሚሆን፣ ያውም ከሠላሳዎቹ የትኛውን እንደሚሆን፣ በምን ይወሰናል?

ጋዜጦች ‹የውፍረት ጂን ተገኘ›፣ ‹የጭንቀት ጂን ታወቀ› እያሉ ሲጽፉ አንባቢው ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ኃላፊ ጂን ያለ ይመስለዋል። በዚህ አነጋገር ከሄድን መልሱ ቀላል ነው፦ የጡንቻ ጂን አለ፣ እሱ ሲነቃ ጡንቻ ይበቅላል። ዝንቧን ያጠኑ ሰዎች ባለፉት አርባ ዓመታት ያገኙት መልስ ከዚህ በጣም የራቀ ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው አንድም የዝንቧ ነገር ስለሚያስደንቀኝ፣ ሁለትም ያ የጋዜጣ አነጋገር ስለሰለቸኝ ነው።

ጂን የሚነበብበት መንገድ

ጂን ማለት ብዙውን ጊዜ የአንድ ፕሮቲን አሠራር የተጻፈበት የዲኤንኤ ክፍል ነው። ጽሑፉ ካልተነበበ ግን መኖሩ ብቻውን ምንም አያደርግም። ሲነበብ መጀመሪያ ከዲኤንኤው ላይ የአርኤንኤ ግልባጭ ይወሰዳል፤ ከዚያ በግልባጩ መሠረት ፕሮቲኑ ይሠራል። ግልባጩ መቼ፣ በየትኛው ሴልና በምን ያህል መጠን እንደሚወሰድ የሚወስኑ ሌሎች የዲኤንኤ ቁራጮች አሉ። እነዚህ ከጂኑ አጠገብ፣ አንዳንዴም በብዙ ሺህ ፊደላት ርቀት ላይ የሚገኙ ሲሆን ኤንሃንሰር ይባላሉ። ኤንሃንሰር ራሱ ፕሮቲን አይሠራም። አዛዥ ፕሮቲኖች መጥተው የሚያርፉበት ቦታ ነው። ማን እንዳረፈና ማን እንደቀረ ታይቶ ጂኑ ይነበባል ወይም ዝም ይላል።

አዛዥ ፕሮቲኖቹም በበኩላቸው የጂን ውጤት ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያነቃል፣ ያኛው ሦስተኛውን ያፍናል፣ ሦስተኛው ተመልሶ የመጀመሪያውን ያጠናክራል። የጂን ቁጥጥር የሚባለው ይህ የእርስ በርስ መተዛዘዝ ነው።

ለዚህ ጥናት ዝንቧ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ዝንብ ካገኘ ወዲህ በብዛት ከተመረመሩት እንስሳት አንዷ እሷ ናት። ከእንቁላል እስከ አዋቂ ዝንብ አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል፤ ምግቧና ማደሪያዋም ወጪ የላቸውም። የሙሉ ዲኤንኤዋ ንባብ የታተመው በ2000 ነው።

ሁሉም ከእናት ይጀምራል

እናቲቱ ለእንቁላሉ ከምታወርሳቸው ነገሮች አንዱ ‹ዶርሳል› የተባለው አዛዥ ፕሮቲን ነው። ዶርሳል በጽንሱ ዙሪያ ሁሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ዲኤንኤው ወዳለበት ኒውክሊየስ ዘልቆ የሚገባው በሆድ በኩል ብቻ ነው። ከጽንሱ ውጭ፣ በሆድ በኩል ብቻ የሚለቀቅ ምልክት አለ። ይህ ምልክት ‹ቶል› የሚባለውን፣ በሽፋን ላይ ሆኖ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ያነቃል፤ ቶልም ለዶርሳል በሩን ያስከፍትለታል። በጀርባ በኩል ያለው ዶርሳል ደጅ እንደቆመ ይቀራል። እናም በሆዱ መሐል መስመር ብዙ፣ ወደ ጎን ሲኬድ እያነሰ የሚሄድ፣ በጀርባ ከናካቴው የሌለ የዶርሳል መጠን ይፈጠራል። (ይኸው ቶል በአዋቂዋ ዝንብ ውስጥ ከፈንገስ የሚከላከል ሆኖ በ1996 ተገኘ፤ ሥራው ለ2011 የኖቤል ሽልማት በቅቷል። ተፈጥሮ አንዴ የሠራችውን መሣሪያ መጣል አትወድም።)

ዶርሳል በብዛት በገባባቸው ሴሎች ሁለት ጂኖች ይነቃሉ፦ ‹ትዊስት› እና ‹ስኔይል›። እነዚህን ሁለቱን ከሌሎች ብዙ ጂኖች ጋር ያወጡት ክሪስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ዊሻውስ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሃይደልበርግ ሆነው፣ ሳይፈለፈሉ የሞቱ የዝንብ ጽንሶችን ቆዳ በማይክሮስኮፕ እያዩ ምን እንደጎደላቸው ይመዘግቡ ነበር። ለዚህ ሥራቸው ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር የ1995ቱን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

እንቁላሉ ከተጣለ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው በሆድ በኩል ያሉ አንድ ሺህ ያህል ሴሎች ወደ ውስጥ ተጣጥፈው ይገባሉ። የዝንቧ ጡንቻ፣ ልብና ስብ የሚወጣው ከእነዚህ ነው። ትዊስት የሌለው ጽንስ ይህ የውስጥ ንጣፍ አይኖረውም፤ ስለዚህ ጡንቻም ልብም የለውም። በካምብሪጅ ተሠርቶ በ1996 የታተመ ጥናት ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ አሳየ፦ ቆዳ ሊሆኑ በታሰቡ ሴሎች ውስጥ ትዊስት እንዲሠራ ሲደረግ ሴሎቹ ወደ ጡንቻነት አዘነበሉ።

ታዲያ ‹የጡንቻ ጂን› የሚባለው ትዊስት ነው ማለት ነው? እስቲ ትንሽ እንቆይ። ከዚያች ሦስተኛ ሰዓት ትንሽ ዘግይቶ የትዊስት መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከፍ ባለበት የሰውነት ጡንቻ ይሆናል፤ ዝቅ ባለበት የአንጀት ጡንቻና ስብ ይሆናል። ጡንቻው ሊበስል ሲል ደግሞ ትዊስት ጨርሶ መጥፋት አለበት። ትዊስትን ይዘው የሚቀሩ ጥቂት ሴሎች ጡንቻ ሳይሆኑ እንደ ጥሬ ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ምን እንደሚጠብቁ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። አንዱ ፕሮቲን በመጀመሪያ ጡንቻን ያስጀምራል፣ ቀጥሎ ዓይነቱን ይለያል፣ በመጨረሻ መብሰሉን ያግዳል። ኃላፊነቱ በሰዓቱና በአብረውት ባሉት የሚለዋወጥ ከሆነ በአንድ ስም መጥራቱ ብዙም አይረዳም።

በአጥቢ እንስሳት በኩል ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1987 በሲያትል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ‹ማዮዲ› የተባለውን አንድ ጂን ብቻ ወደ አይጥ የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴሎች አስገብተው ሴሎቹን ወደ ጡንቻ ቀየሯቸው። ያኔ የደስታው ብዛት የሚገርም አልነበረም፤ ዋናው ቁልፍ ተገኘ ተብሎ ነበር። ዝንቧም የማዮዲ ዘመድ አላት፤ ‹ኖቲለስ› ይባላል። ኖቲለስ ሲጠፋ ግን አብዛኞቹ የዝንቧ ጡንቻዎች ከነአካቴው አይቀሩም፤ የሚበላሹት ጥቂቶች ናቸው። በአንዱ እንስሳ አለቃ የነበረው በሌላው ተራ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ።

የጣምራ ፊርማ

ወደ ውስጥ የታጠፉት ሴሎች እዚያው ተቆልለው አይቀሩም። በቆዳው ሥር ወደ ጀርባ እየዳሁ ይስፋፋሉ። ጉዞው ዕጣቸውን ይወስናል፤ ምክንያቱም በጀርባ በኩል ያለው ቆዳ ‹ዲፒፒ› የሚባል ምልክት ይረጫል፤ ያን ምልክት ያገኙ ሴሎች ‹ቲንማን› የተባለውን አዛዥ ፕሮቲን መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ያላገኙት ያቆማሉ። ያለ ቲንማን ልብ የለም። ‹ሃርትለስ› የሚባለው ጂን የተበላሸበት ጽንስም ልብ የለውም፤ የእሱ ችግር ግን ከቲንማን ጋር አይደለም። ሴሎቹ መስፋፋት ስላቃታቸው ምልክቱ ካለበት ስፍራ ሳይደርሱ ይቀራሉ። በሰው ላይ የቲንማን ዘመድ የሆነው ጂን ሲበላሽ ከልብ ችግር ጋር የሚወለዱ ልጆች መኖራቸው በ1998 ታውቋል።

አሁን አንዲት ጡንቻን በቅርብ እንይ። ከጀርባ በኩል ከሚገኙት የሆድ ጡንቻዎች አንዷ ‹ዲኤ1› ትባላለች። የእሷ መለያ ‹ኢቭን-ስኪፕድ› የተባለው ጂን መንቃቱ ነው። ይህ ጂን በዚያ ቦታ፣ በእነዚያ ጥቂት ሴሎች ብቻ እንዲነቃ የሚያደርገው 300 ገደማ ፊደላት ብቻ ያሉት አንድ ኤንሃንሰር ነው። በ2000 የታተመ ጥናት በዚህ ቁራጭ ላይ እነማን እንደሚያርፉ አንድ በአንድ አወጣ። አምስት ናቸው። ሁለቱ የሴሉን ማንነት የሚናገሩ ናቸው፦ ትዊስት ‹ይህ ሴል ከውስጠኛው ንጣፍ ነው› ይላል፤ ቲንማን ‹በጀርባ በኩል ነው› ይላል። ሦስቱ ደግሞ ከውጭ የመጡ ምልክቶችን ይዘው የሚገቡ ናቸው፦ አንዱ የዲፒፒን፣ ሌላው በክፍሉ ርዝመት የት እንዳለ የሚያመለክተውን የ‹ዊንግለስ›ን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሴሉ ከጎረቤቶቹ መካከል መመረጡን የሚገልጸውን የ‹ራስ›ን መልእክት ያደርሳል።

በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ያለው ማኅበር ውስጥ የሠራ ሰው ይህን አሠራር ወዲያው ይገባዋል። ሊቀ መንበሩ ብቻውን ገንዘብ አያወጣም፤ ገንዘብ ያዡም ብቻውን አያወጣም። እያንዳንዱ ፈራሚ በሌላ ሒሳብ ላይም ፊርማው ሊኖር ይችላል፤ ቼኩ የሚመነዘረው ግን እነዚህ ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው። ትዊስት በብዙ ሺህ ሴሎች ውስጥ አለ፤ ዲፒፒ በጀርባ በኩል ሁሉ ይደርሳል፤ ‹ራስ› የተባለው ፕሮቲን በቆዳም በዓይንም ይሠራል። አምስቱም በአንድ ጊዜ የሚገጣጠሙባቸው ሴሎች ግን በየክፍሉ በጣም ጥቂት ናቸው። የዲኤ1 ቦታ የሚወሰነው በዚህ መገጣጠም ነው። በኤንሃንሰሩ ላይ የአንደኛው ማረፊያ ፊደላት ሲቀየሩ ንባቡ ይዳከማል ወይም ጨርሶ ይቆማል።

ከጎረቤቶች መካከል መመረጥ ያልኩትን ላብራራው። መጀመሪያ ላይ ዕድሉ የሚሰጠው ለአንድ ሴል ብቻ ሳይሆን ለጥቂት ተቀራራቢ ሴሎች ነው። ሁሉም እኩል ይጀምራሉ። ጥቂት የቀደመው ሴል ‹ኖች› በሚባለው፣ ሴል ከጎረቤቱ ምልክት በሚቀበልበት ፕሮቲን በኩል ጎረቤቶቹን ‹እናንተ ተዉት› ይላቸዋል፤ የተከለከሉት ምልክታቸው ይደክማል፤ የእሱ ደግሞ ይጠነክራል። አሸናፊው ለሁለት ይከፈላል። ሲከፈል ‹ነምብ› የሚባል ፕሮቲን ወደ አንደኛው ልጅ ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ገና ሲወለዱ የተለያዩ ናቸው። እያንዳንዳቸው የአንድ ጡንቻ መሥራች ሴል ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ኤንሃንሰርን በዚህ ጥልቀት መመርመር ዓመታት ይወስዳል። ሃይደልበርግ በሚገኘው የአውሮፓ የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ የሚሠራው የአይሊን ፈርሎንግ ቡድን ሌላ መንገድ መረጠ። ትዊስት፣ ቲንማን፣ ወደ ኋላ የምንመለስበት ‹መፍ2› የተባለ አዛዥና ሁለት የአንጀት ጡንቻ አዛዦች በጽንሱ ዕድገት በተለያዩ ሰዓታት በመላው ዲኤንኤ ላይ የት የት እንደሚያርፉ በጅምላ አነበበ። በ2009 የታተመው ውጤት ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ኤንሃንሰሮችን ያወጣ ነበር። ቡድኑ በዚህ አልቆመም፤ ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንዳረፈ ብቻ አይቶ አንድ ኤንሃንሰር የት እንደሚሠራ እንዲገምት ኮምፒውተር አሠለጠነ፤ ከዚያም ግምቱን በሕያው ጽንስ ላይ ፈተነ። አብዛኛው ግምት ልክ ሆነ። ያልተጠበቀው ነገር የፈራሚዎቹ ስብስብ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነበር፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የሚሠሩ ኤንሃንሰሮች የያዙት የአዛዦች ስብስብ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ወደ አንድ ውጤት የሚያደርሰው መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በግሌ ከዚያ ጥናት በጣም የወደድኩት ይህን ነው፤ ሥርዓቱ ጥብቅ ቢሆንም ጠባብ አይደለም።

መሥራቹና ተከታዮቹ

የዝንቧ እጭ አንድ ጡንቻ አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ግን ብዙ ኒውክሊየስ ያለው ሴል ነው። ይህ የሚሆነው ብዙ ትናንሽ ሴሎች ተዋሕደው አንድ ስለሚሆኑ ነው። በትናንሾቹ ጡንቻዎች ጥቂት ኒውክሊየሶች ብቻ አሉ፤ በትልቁ እስከ 25 ይደርሳሉ። የተዋሐዱት ሴሎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ከላይ ያየነው መሥራች ሴል ነው። ሌሎቹ በምርጫው የተሸነፉት፣ ለመዋሐድ ዝግጁ ሆነው የሚጠብቁት ተከታዮች ናቸው። መሥራቹ በላዩ ላይ ‹ደምፋውንድድ› የሚባል ፕሮቲን ያወጣል፤ ተከታዮቹ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚያያዝ ሌላ ፕሮቲን አላቸው። ተያይዘው ሽፋናቸው ይቀደዳል፤ ይዘታቸውም ይቀላቀላል።

የጡንቻው ማንነት በማን ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ሙከራ አለ። ‹ማዮብላስት ሲቲ› የሚባለው ጂን ሲበላሽ ውሕደት አይኖርም። ተከታዮቹ ባዶ እጃቸውን ቀርተው ይሞታሉ። መሥራቾቹ ግን ብቻቸውን፣ ባለ አንድ ኒውክሊየስ ቀጭን ክር ሆነው በትክክለኛው አቅጣጫ ይዘረጋሉ፤ የራሳቸውን ማጣበቂያ ነጥብ ያገኛሉ፤ ነርቫቸውም ይደርሳቸዋል። ንድፉ በሙሉ በመሥራቹ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ውሕደቱ ደህና ሲሄድ ደግሞ የገባው ተከታይ ኒውክሊየስ የመሥራቹን መለያ ጂን ማንበብ ይጀምራል። ዲኤ1 ውስጥ ሲገባ ኢቭን-ስኪፕድን ያነቃል፤ ሌላ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ‹ክሩፐል›ን ወይም ‹ኮሊየር›ን ያነቃ ነበር።

እነዚህ መለያ ጂኖች ጡንቻው የት እንደሚጣበቅ፣ ምን ያህል እንደሚወፍርና ከየትኛው ነርቭ ጋር እንደሚገናኝ ይወስናሉ። የሚኮማተረውን ማሽን ራሱን የሚያሠራው በሁሉም ጡንቻዎች የሚገኘው መፍ2 ነው። መፍ2 የሌለው ጽንስ የጡንቻ ሴሎቹን በየቦታቸው ይመድባል፤ ግን ሴሎቹ ወደ እውነተኛ ጡንቻነት አይደርሱም። ሰው የመፍ2 ዘመድ የሆኑ አራት ጂኖች አሉት።

እጩ ከተፈለፈለ በኋላ አዲስ የጡንቻ ሴል አይጨመርም፤ ያለው ብቻ ይፋፋል። በዚህ ጊዜ ‹ሚአር-1› የሚባል ትንሽ አርኤንኤ ያስፈልጋል። ይህ አርኤንኤ ፕሮቲን አይሠራም፤ የሌሎችን ግልባጭ እየያዘ ከመጠን በላይ እንዳይሠራ ያደርጋል። ሚአር-1 የሌላቸው እጮች ሲፈለፈሉ ደህና ይመስላሉ፤ መብላትና ማደግ ሲጀምሩ ጡንቻቸው ይዛባል፤ ይሞታሉም። ይህን በ2005 ካሳዩት አንዱ ቪክቶር አምብሮስ ነው። የእነዚህን ትናንሽ አርኤንኤዎች መኖር ቀድሞ በሌላ ፍጥረት፣ በትል ላይ ያገኘ ሲሆን በ2024 ከጋሪ ሩቭከን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ክንፍ ሲመጣ

የእጭ ጡንቻ ለመዳህ እንጂ ለመብረር አይሆንም። እጩ ፑፓ ሆኖ በልባሱ ውስጥ ሲተኛ አብዛኛው ጡንቻ ይፈርሳል። ትዊስትን ይዘው ሳይበስሉ የተቀመጡ ሴሎች ነበሩ ብለን ነበር፤ ተራቸው አሁን ነው። ተባዝተው፣ ትዊስትን ለቀው፣ የአዋቂዋን ዝንብ ጡንቻ ይሠራሉ። ከአሮጌዎቹ ጡንቻዎች ሦስት ጥንዶች ብቻ ደረት ላይ ከጥፋቱ ተርፈው ለአዲሱ የበረራ ጡንቻ መሠረት ይሆናሉ፤ እያንዳንዳቸውም ለሁለት ተሰንጥቀው በየጎኑ ስድስት ትልልቅ ጡንቻ ይወጣቸዋል።

የበረራ ጡንቻ ከእግር ጡንቻ ፈጽሞ ይለያል። ዝንቧ ክንፏን በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች፤ ነርቩ ግን በሰከንድ አምስት ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚያዝዘው። ጡንቻው ሲለጠጥ በራሱ ስለሚኮማተር የአንዱ መኮማተር ሌላውን ይለጥጣል፤ የተለጠጠው በተራው ይኮማተራል። የእግሩ ጡንቻ እንዲህ አያውቅም፤ ነርቭ ባዘዘው ቁጥር ብቻ ይሠራል።

በሙኒክ አቅራቢያ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የባዮኬሚስትሪ ተቋም የፍራንክ ሽኖረር ቡድን ከ10 ሺህ በላይ ጂኖችን በጡንቻ ውስጥ አንድ በአንድ እያዳከመ ዝንቦቹ ይበሩ እንደሆነ አየ። በ2010 የታተመው ውጤት 2,800 ያህል ጂኖች በጡንቻ ውስጥ ሚና እንዳላቸው ይናገራል። የጡንቻ ጂን አንድ ነው ለሚል ሰው ይህ ቁጥር ብቻውን ይበቃዋል። ከእነዚያ መካከል አንዱ ‹ስፓልት› ነበር። ስፓልት ከበረራ ጡንቻው ሲወገድ ጡንቻው የእግር ጡንቻ ዓይነት ይሆናል፤ ዝንቧ ትኖራለች፣ ትራመዳለች፣ አትበርም። በተቃራኒው ስፓልት በእግር ጡንቻ ውስጥ እንዲሠራ ሲደረግ የእግሩ ጡንቻ የበረራ ጡንቻን መልክ ይይዛል። ዋና መቀየሪያ የሚባል ነገር ካለ ለዚህ ማዕረግ ስፓልት ይቀርባል። ግን እሱም የሚሠራው አስቀድሞ ጡንቻ ለመሆን በወሰነ ሴል ውስጥ ነው፤ ደረት ላይ እንዲነቃ የሚያደርጉት ሌሎች አዛዦችም ከበላዩ አሉ።

ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ይህች ዝንብ የትውልድ አገሯ አፍሪካ ነው፤ ዓለምን የዞረችው ሰውን ተከትላ ነው። ከፍቼ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ተሰብስበው የተጠኑ የኢትዮጵያ ዝንቦች ከዛምቢያ ቆላ ዘመዶቻቸው ይልቅ በገላም በክንፍም ተለቅ ያሉ ሆነው ተገኝተዋል። በቀዝቃዛና በሳሳ አየር ሰፊ ክንፍ ለበረራ ሳይጠቅም አይቀርም።

አንድ ጂን፣ ብዙ ቅጂ

ስፓልት ጡንቻውን የሚቀይረው የትኞቹ ጂኖች እንደሚነበቡ በመምረጥ ብቻ አይደለም። ከተነበቡም በኋላ ግልባጩ እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚቀጠል ያዝዛል። የአብዛኛው ጂን ግልባጭ ጥሬውን አይሠራም፤ መሐል መሐሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀሩት ቁራጮች ይገጣጠማሉ፤ የትኛው ቁራጭ እንደሚቀር እንደ ሴሉ ይለያያል። የጡንቻ ዋና ሞተር የሆነውን ማዮሲንን ብንወስድ፣ ሰው ለልዩ ልዩ ጡንቻዎቹ ለየብቻ የተቀመጡ ብዙ የማዮሲን ጂኖች አሉት። ዝንቧ ለጡንቻዋ ሁሉ ያላት አንድ ብቻ ነው። የዚያ አንድ ጂን ቁራጮች በንድፈ ሐሳብ ደረጃ በ480 ዓይነት ሊገጣጠሙ ይችላሉ። በበረራ ጡንቻ አንዱ ግጥምጥም፣ በእጭ ጡንቻ ሌላው ይሠራል፤ የሞተሩ ፍጥነት በዚያ መጠን ይለያያል።

በስፓልት ሥር ሆኖ ይህን ቆረጣ በበረራ ጡንቻ ከሚመሩት አንዱ ‹አሬስት› ይባላል። ሌላው ታዋቂ ቆራጭ ‹መስልብላይንድ› ነው። በ1997 ዝንብ ላይ ሲገለጽ ለዓይንና ለጡንቻ እንደሚያስፈልግ ታውቆ ነበር፤ ከዚያ በላይ ብዙ ትኩረት የሚስብ ነገር አልነበረውም። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰው ሕክምና ወደ እሱ መጣ።

ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ የሚባል ከወላጅ የሚወረስ የጡንቻ በሽታ አለ። የሚይዛቸው ሰዎች ጡንቻቸው ከመድከሙም በላይ አንዴ ከጨበጡ በኋላ እጃቸውን ቶሎ መፍታት ያቅታቸዋል። መንሥኤው በ1992 ሲገኝ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ በአንድ ጂን ጫፍ ላይ ሦስት ፊደላት በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተደጋግመው ተጽፈዋል፤ ድግግሞሹ ያለው ግን ፕሮቲን በማይሠራው የጂኑ ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮቲኑ ካልተነካ ሰውዬው ለምን ይታመማል? በ2000 መልሱ መታየት ጀመረ። ድግግሞሹን የያዘው አርኤንኤ የመስልብላይንድን የሰው ዘመዶች እየሳበ በኒውክሊየሱ ውስጥ አጣብቆ ይይዛቸዋል። ቆራጮቹ ከሥራቸው ሲጎድሉ የአዋቂው ጡንቻ ግልባጮቹን በጽንስነት ጊዜ እንደነበረው አድርጎ ይቆርጣል። በዚህ ከሚበላሹት አንዱ ጡንቻው ከተኮማተረ በኋላ እንዲረጋጋ የሚያደርገው የክሎራይድ መተላለፊያ ነው፤ እጅ ያለመፍታቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የአሬስት የሰው ዘመድ ደግሞ በዚሁ በሽታ መጠኑ ከልክ በላይ ይጨምራል፤ ሁለቱ ቆራጮች ብዙ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ስለሆኑ ጉዳቱ ይብሳል።

በ2006 ተመራማሪዎች ያንን ረጅም ድግግሞሽ ወደ ዝንብ አስገቡት። የዝንቦቹ ጡንቻ መሰለል ጀመረ። የሰውን መስልብላይንድ ሲጨምሩላቸው ጉዳቱ ቀነሰ፤ የአሬስትን የሰው ዘመድ ሲጨምሩ ባሰ።